«እችላለሁ» የሚለው አንደበት

ሰው በገዛ ፈቃዱ ለገባበት አደጋ ኃላፊው ማን ነው? በቡጢ ወይም በቴኳንዶ የሚወዳደረውን ወጣት አስገድዶ ወደ መድረክ ያወጣው የለም፤ መምታት ብቻ ሳይሆን መመታትም እንዳለ አውቆ ገብቷል። ስለዚህ «ፈቅዶ ነው» ብለን ነገሩን እንዘጋለን። ይህ መልስ ለተሰበረ እግር ይበቃ ይሆናል፤ ለተናወጠ አንጎል ግን አይበቃም። ምክንያቱን ለመረዳት ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ማየት ያሻል።

አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝነው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። አገጭን ከጎን የሚያገኝ ቡጢ ወይም ጆሮ ግንድ ላይ የሚያርፍ እርግጫ ራስን በድንገት ያዞራል። ቅሉ ሲዞር አንጎሉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቅሉ ሲቆም አንጎሉ ጉዞውን ይቀጥላል። በዚህ መጓተት ስስ የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፤ የሕዋሳቱ ሚዛን ይዛባል፤ ሚዛኑን ለመመለስ ሲታገሉም ጉልበታቸው ይሟጠጣል። አብዛኛው ተጎጂ ራሱን አይስትም። ቆሞ ይራመዳል፣ ይናገራል፤ ነገር ግን ይደናገራል፣ የሆነውን ይረሳል፣ ፍርዱ ይዘገያል። የራስ መከላከያውም ቆዳን ከመሰንጠቅ ያድናል እንጂ አንጎልን ከመናወጥ ለማዳን ዋስትና አይሆንም።

ዳኛው ወድቆ የተነሣውን ወጣት «ትችላለህ?» ይለዋል። «እችላለሁ» ይላል። ፈቃድ የሚሰጠው አንጎል ነው፤ የተመታውም እርሱው ነው። የቆሰለውን አካል ስለ ራሱ ቁስል ብቸኛ ምስክር ማድረግ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በአምባሰል ምድር፣ በውጫሌ፣ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅም ትምህርት አለው። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲናገር፣ የጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አደረገው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። ፈራሚው ባልተረዳው ነገር ላይ የተገኘ ስምምነት ስምምነት አይደለምና። የተደናገረ ወጣት «እችላለሁ» ሲልም የፈረመበትን አያውቀውም።

ባህላችን ስለ ምት ያለው ሕግ ይቅር ባይ ነው። በገና ጨዋታ ጌታና አገልጋይ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ በዕለቱ ለተሰነዘረ ምትም ጌታው አይቆጣም። ይህ ትልቅ የእኩልነት ትምህርት ነው። ሆኖም ይቅርታ ቂምን ይሽራል እንጂ የተለጠጠ ነርቭን አይሽርም። የዘመኑ ውድድር ደግሞ ከይቅርታም አልፎ ይሸልማል። ሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ በተሰለፈበት፣ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ በቴኳንዶ ሕግ ደረትን የመታ እርግጫ 2 ነጥብ ሲያስገኝ ራስን የመታው 3፣ ዞሮ ራስን የመታው 5 ያስገኝ ነበር። እንግዲህ ምቱን የሚያዝዘው የተጋጣሚው እግር ብቻ አይደለም፤ ሕግ አውጪውም፣ አጨብጫቢውም ነው።

«ይህ ወጣቱን ነጻነቱን መንፈግ፣ ጀግንነትንም ማኮላሸት ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ነጻ ፈቃድ የሚሰጠው ከግጥሚያው በፊት፣ አእምሮ ጤነኛ ሳለ ነው። «ራሴን ከተመታሁና ከተደናገርኩ አትጠይቁኝ፤ አውጡኝ» ብሎ አስቀድሞ የተስማማ ወጣት ከማንም ይልቅ ነጻ ነው። አደጋው ቀላል አይደለምና፤ አንጎል ሳያገግም የሚደርስ ሁለተኛ ምት፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ለሞት የሚያደርስ እብጠት ሊያስከትል ይችላል። አሜሪካዊው ሐኪም ሐሪሰን ማርትላንድ ለዓመታት በተደበደቡ ቡጢኞች ላይ ያየውን መንገዳገድና መፍዘዝ የጻፈው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም።

በሐይቅም ሆነ በውጫሌ ወጣቶችን የሚያሠለጥን ሁሉ እንግዲህ አንድ ሕግ ይያዝ፦ የተናወጠ ሰው በዚያ ቀን አይመለስም፤ የሚመለስበትንም ቀን የጤና ባለሙያ ይወስን። ለእኛ ለኪነት ሰዎች ደግሞ የቀረ ሥራ አለ። ፉከራችንና ሽለላችን ያልወደቀውን ብቻ ሲያወድስ ኖሯል። ተማሪውን በእጁ ይዞ ከመድረክ ያወረደውን አሠልጣኝ የሚያወድስ ስንኝ እስክንጽፍ ድረስ፣ ወጣቱ «እችላለሁ» ባለ ቁጥር ቃሉን ያስጠናነው እኛ ነን።