ሽርሽር ወይስ ማስተንተን? ከግራና ይዤው የተመለስኩት ጥያቄ

 

ባለፈው ዒድ ሰሞን ከመግሪብ ሶላት በኋላ በመስጊድ ደጃፍ የቆሙ ወጣቶች ሲከራከሩ ደረስኩ። የክርክሩ ጉዳይ በዒድ ከከተማ ወጥቶ ሐይቅና ተራራ ለማየት ገንዘብ ማዋጣት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። አንደኛው ወንድም «ስንቱ ሙስሊም የሚቀምሰው አጥቶ እያደረ እኛ ቅጠል ለማየት ቤንዚን እናቃጥል?» ይላል። ሌላው «ዲናችን ገር ነው፤ ሰው ሲደክመው ልቡን ያሳርፋል» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ጋዜጠኛው፣ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ግራና ትዝ ብላኝ ነበር። ለወጣቶቹ ያልመለስኩትን እነሆ ዛሬ እጽፈዋለሁ።

ግራና በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የወረዳው ርእሰ ከተማ መርሳ ነው። በስተምዕራብ የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ በስተምሥራቅ ምድሩ እየዘቀዘቀ ወደ አፋር ይወርዳል። ከቆቦ ጀምሮ የሚዘረጋው ለም ሜዳ የቆቦ ግራና ሸለቆ እየተባለ በስሟ ይጠራል። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ሚኒባስ ተከራይተን ወደዚያ የሄድነው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር። ዝናቡ ገና መውጣቱ ነው፤ አገሩ ሁሉ አደይ ለብሷል።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው፤ መርሳ ከዚያም ታልፋለች። ይህንን መንገድ በሌሊት አውቶቡስ እያንቀላፋ የሚያልፍ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። ጣርማበር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥተን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረውን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንመለከት ጉሙ ከእግራችን በታች ነበር። ሶሐባው ጃቢር (ረ.ዐ) ዳገት ሲወጡ ተክቢራ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ ተስቢሕ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። እኛ ግን ዳገቱን የወጣነው በሞባይል ስንሥቅ፣ ቁልቁለቱን የወረድነው ስለ ምሳ ስንጨቃጨቅ ነው። የጃቢር ሐዲስ ትዝ ያለኝ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ዕውቀት እንዲህ ዘግይቶ ሲመጣ ይቆጫል።

ከሚሴን ስናልፍ በመንገዱ ዳር ግመሎች ተሰልፈው ይሄዱ ነበር። በአል-ጋሺያ ሱራ (88፡17-20) አላህ (ሱ.ወ) ሰዎች ግመልን እንዴት እንደተፈጠረ፣ ሰማይን እንዴት ከፍ እንደተደረገ፣ ተራሮችን እንዴት እንደቆሙ፣ ምድርንም እንዴት እንደተዘረጋች አይመለከቱምን ሲል ይጠይቃል። እነዚህ አራቱም ነገሮች በአንድ መስኮት በኩል የሚታዩበት መንገድ ቢኖር የወሎ መንገድ ነው። ሐይቅ ላይ ውሃውን በስተቀኝ አየነው። በ1889 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው ውል ስሟን በዓለም ያስጠራላትን ውጫሌን አለፍን፤ ከዚያ በኋላ ቆላው ይጀምራል፤ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል።

ግራና ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወደ ማሳቸው አስገቡን። ከወንዝ የተጠለፈ የመስኖ ቦይ በመካከል ያልፋል። በግራም በቀኝም ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ከሥራቸውም ሽንኩርትና ቃሪያ። ውሃው አንድ ነው፤ መሬቱም አንድ ነው። ሎሚው ግን ጥርስ ያጠረሳል፣ ማንጎው ማር ነው። አንባቢ ሆይ፣ በአር-ረዕድ ሱራ 4ኛው አንቀጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚገኙ ቁራሽ መሬቶች፣ በአንድ ውሃ ስለሚጠጡ ግን በጣዕም አንዱ ከአንዱ ስለሚበልጥ አትክልቶች የተነገረውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲቀራ ሰምቼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ስለ አፈርና ስለ ዘር መጠነኛ ነገር አንብቤአለሁ። አንቀጹን በምላሴ የቀመስኩት ግን በዚያ ቀን ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ እንደ ሕፃን ከዛፍ ወደ ዛፍ እሮጥ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከምሳ በኋላ ነው። መንገደኞች ስለሆንን ዙህርን ወደ ዐስር አዘግይተን አሳጥረን በአንድነት ለመስገድ ተስማምተን ነበር፤ ሸሪዓው ይህንን ገርነት ሰጥቶናል። ነገር ግን ፎቶ ማንሳቱ፣ ብርቱካን መልቀሙ፣ ሣቁ ጊዜውን በላው። በግራና ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ቀድማ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ትሸሸጋለች። ጥላው ድንገት ሲወርድብን ደንግጠን ውዱእ ለማድረግ ተሯሯጥን። ገርነቱን ይዘን ሶላቱን ልንጥል ትንሽ ቀርቶን ነበር።

ይህም አልበቃን። ሹፌራችን ጭቃ የመታውን ሚኒባስ ቦዩ ዳር አቁሞ በሳሙና አጠበው፤ እኛም ባልዲ አቀበልነው። የጠጣንባቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች ወደ ውሃው ወረወርን። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ገበሬዎች ከሚያርፉበት ትልቅ ሾላ ሥር ሄዶ ተጸዳዳ። እንዲህ ያለውን ነገር በጋዜጣ መጻፍ ያሳፍራል፤ ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ጉዳዩን በግልጽ ተናግረውበታል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ እርግማን ከሚያመጡ ሦስት ነገሮች እንድንጠበቅ አዘዋል፤ እነርሱም በውሃ መውረጃ፣ በመንገድ መካከልና በጥላ ሥር መጸዳዳት ናቸው። እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንዱን ጣስነው፣ ሌላውንም በሳሙናና በፕላስቲክ ተጠጋነው። የከተማ ሰዎች፣ የተማርን ሰዎች፣ በየጁምዓው ፊተኛ ሶፍ የምንሻማ ሰዎች!

ሽማግሌው አልተቆጡንም። ቦዩ ውስጥ በባዶ እግራቸው ገብተው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። እኔ በኀፍረት «አባቴ፣ ይተዉት፣ እኛ እናነሳዋለን» ስላቸው «አብሽር ልጄ፣ ውሃው ተራው የኔ አይደለም፤ ዛሬ የታች ሰዎች ነው። ንጹሕ ሆኖ ካልደረሳቸው የሚጠይቁት እኔን ነው» አሉኝ። በመስኖ በሚተዳደር አገር የውሃ ተራ ቀልድ አይደለም፤ ሌሊት ፋኖስ ይዘው ይጠብቁታል። የአንዱ ተራ በሌላው እጅ ያልፋል። ይህ ቃል በቃሉ አማና ነው። የብርቱካኑን ዋጋ ስንሰጣቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ። ሙስሊም ከተከለው ተክል ወፍም ሆነ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ በራሳቸው የወሎ አነጋገር ነገሩን። «ገንዘቡን ብቀበል ሶደቃው ንግድ ሆነብኝ ማለት አይደል?» ብለው ሣቁ።

ከመሄዳችን በፊት እርሳቸውንና ሃያ ዓመት የሚሆነውን የመጀመሪያ ልጃቸውን ቦዩ ዳር አቁሜ ፎቶ አነሳኋቸው። «አሳጥቤ እልክላችኋለሁ» አልኩ፤ ስልክ ቁጥራቸውንም ጻፍኩ።

እንግዲህ ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ ልመለስ። ጉዞ ክልክል ነው የሚል ሙስሊም የራሱን ታሪክ አያውቅም። ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1325 በ21 ዓመቱ ከታንጀር ለሐጅ ብሎ ወጥቶ፣ ወደ አገሩ የተመለሰው ከ24 ዓመት በኋላ ነው፤ በመንገዱም እኛው ጎረቤት ዘይላ ደርሷል። የወሎ ዑለማዎችማ መንገዱን በእግራቸው ያረሱ ናቸው። በዚሁ በየጁ ምድር ዳናን የመሠረቱትን ሼህ አሕመድ ኢብን አደምን ያነሷል። ከሩቅ አገር ስንቁን በአገልግል ይዞ፣ ወንዝ እየተሻገረ ለዒልም ወደ ዳና የመጣው ደረሳ ስንት ነው! ሟቹ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ 19ኛው መቶ ዘመን የወሎ እስልምና ባሳተሙት መጽሐፍ የዚህን ትውልድ ታሪክ ተከታትለው ጽፈውልናል። እነዚያ ደረሳዎች ተራራውን ያዩት እኛ ካየነው በላይ ነው፤ ወጥተውታልና።

በአል-ዐንከቡት ሱራ 20ኛው አንቀጽም በምድር ላይ ሄደን አላህ (ሱ.ወ) ፍጥረትን እንዴት እንደጀመረ እንድንመለከት ታዘናል። ትእዛዙ ሁለት ነው፤ መሄድና መመልከት። እኛ የመጀመሪያውን ፈጽመን ሁለተኛውን ለካሜራው ተውነው። በሌላ በኩል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ ከቅጣት ቁራጭ መሆኑን፣ እንቅልፍና ምግብ እንደሚነሳ፣ ጉዳዩን የጨረሰም ወደ ቤተሰቡ እንዲፈጥን ነግረውናል። ስለዚህ ልጆቹን ያለ ቀለብ ትቶ በብድር ወደ ሐይቅ ዳር የሚሄደውን አባወራ «ማስተንተን ነው» ብዬ አላሞካሸውም፤ እርሱ ኢስራፍ ነው። ቅጠል ለማየት ቤንዚን ማቃጠል ያስቆጨው ወንድምም ቢሆን፣ የተራበ የሚያሳስበው ከሆነ፣ የተራበውን ሰው ቀዬ በዓይኑ ቢያየው የበለጠ ይሰጣል እላለሁ። እኔ ስለ 1966ቱና ስለ 1977ቱ የወሎ ረሃብ ብዙ አንብቤ ነበር። ያ ሁሉ ልምላሜ ያለበት አገር ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚያጣ የገባኝ ግን ከዚያ ቦይ ዳር ቆሜ፣ ውሃው የማይደርሰውን ደረቅ ጎን ካየሁ በኋላ ነው።

ሌላም ያልተነገረ ሐቅ አለ። የምንሄድበት ቦታ ሁሉ የሰው ቤት ነው። እኛ «ተፈጥሮ» የምንለው ለዚያ አገር ሰው ማሳው፣ የውሃ ተራው፣ የከብቱ ጥላ ነው። የእንግዳ ሥርዓት የማያውቅ ሰው ሱብሐነላህ እያለ ቢያደንቅም አድናቆቱ ከጉሮሮው አያልፍም። ይህንን የምጽፈው በሌላ ሰው ላይ ጣቴን ለመቀሰር አይደለም።

ምክንያቱም ፎቶውን አልላክሁም። በመጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፤ ከዚያ ማሳጠቢያ ቤቱ ሩቅ ሆነብኝ፤ ከዚያ ረሳሁት። ቃል ገብቶ ማፍረስ ከሙናፊቅ ምልክቶች አንዱ መሆኑን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ እያወቅሁ፣ ስለ ሌላው ሰው ቃል ማፍረስ በዚሁ ገጽ ላይ እየጻፍኩ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ወረደ። ወልድያና መርሳ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም በዚያው ቆዩ። ስልክ ተቋረጠ። ቁጥሩን በየቀኑ እሞክር ነበር፤ አይጠራም።

መስመሩ የተከፈተ ሰሞን ሽማግሌው ራሳቸው አነሱት። ከሰላምታ በኋላ ስለ ዛፎቹ ጠየቅኋቸው። «ብርቱካኑ አለ፣ አልሐምዱሊላህ፤ አንዳንዱ ደርቋል፤ ማንጎው ደኅና ነው» አሉ። በሬዎቹ እንደሌሉም ነገሩኝ። ስለ ልጃቸው ስጠይቅ ዝም አሉና «በዚያ ክረምት እንደወጣ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ያኔ ያነሳኸን ፎቶ አለ ወይ? እናቱ ሌላ ፎቶ የላትም» ብለው ጠየቁኝ።

በዚያኑ ቀን ማታ ኮምፒውተሬን ከፍቼ አገኘሁት። በማግሥቱ በትልቁ አሳጥቤ፣ በካርቶን ሸፍኜ፣ ወደ መርሳ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠሁት። ደርሷቸዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ብዙ ጊዜ ሲዘጋ እያሰብኩ፣ ያ ሹፌር ያን ጊዜ ባያልፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እላለሁ። በፎቶው ላይ አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ብርቱካኑ፣ ከብርቱካኑ በላይ ተራራው ይታያል። በልጁ እግር ሥር ደግሞ፣ ቦዩ ውስጥ፣ አባቱ ያልደረሱባት አንዲት የእኛ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተንሳፋ ትታያለች።