ከቀዩ ወዲህ፣ ከሐምራዊው ወዲያ

በ1800 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ፣ ስላው በተባለች ከተማ፣ ዊሊያም ኸርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ሰንጥቆ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሰውየው መጀመሪያ ሙዚቀኛ ነበር፤ ኋላ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ጀምሮ በ1781 ፕላኔቷን ዩራነስን አገኘ። ፀሐይን በቴሌስኮፕ ሲመለከት ዓይኑን ከሚከልልባቸው ባለቀለም መስታወቶች አንዳንዶቹ ብርሃኑን ቢቀንሱለትም ሙቀቱን ያሳልፉበት ነበር። ስለዚህ የትኛው ቀለም ምን ያህል እንደሚያሞቅ ማወቅ ፈለገ። ጫፉን ያጠቆረውን ቴርሞሜትር ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ ከሐምራዊው ወደ ቀዩ በቀረበ ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ጠርዝ አሳልፎ፣ ምንም ቀለም በማይታይበት ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሜርኩሪው ከሁሉም በላይ የወጣው እዚያ ነው።

ወሬው ጀርመን ውስጥ የና ከተማ ለሚኖረው ለዮሃን ቪልሄልም ሪተር ደረሰ። የ24 ዓመቱ ወጣት ተፈጥሮ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው ብሎ ያምን ነበር። በቀዩ በኩል የማይታይ ጨረር ካለ፣ በሐምራዊውም በኩል አቻው መኖር አለበት አለ። በ1801 ብርሃን ሲነካው የሚጠቁረውን ሲልቨር ክሎራይድ ቀለማቱ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ቶሎ የጠቆረው ከሐምራዊው ወዲያ ያለው ሆነ። ያው እምነቱ ግን ሌላ ጊዜ ጉድ ሠርቶታል፤ ምድር የማግኔት ዋልታ እንዳላት ሁሉ የኤሌክትሪክ ዋልታም አላት ብሎ ተሳስቷል።

ዛሬ ሦስቱ ብርሃኖች፣ የሚታየውና ሁለቱ የማይታዩት፣ በባሕርያቸው አንድ መሆናቸው ይታወቃል። በባዶ ኅዋ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ የሚለያዩት በሞገዳቸው ርዝመት ነው። የሰው ዓይን የሚያየው ከ380 እስከ 750 ናኖሜትር ግድም ያለውን ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከዚያ የረዘመው ኢንፍራሬድ፣ ያጠረው አልትራቫዮሌት ይባላል።

ታዲያ ድንበሩን ማን አሰመረው?

ንብ ቀይን አታይም፣ አልትራቫዮሌትን ግን ታያለች። ለሰው ወጥ ቢጫ የሚመስለው አበባ ብዙ ጊዜ ለእሷ ወደ ማሩ የሚመራ ምልክት ተስሎበታል። በዓይናቸውና በአፍንጫቸው መካከል ባለ ጉድጓድ የአይጥን ሙቀት በጨለማ የሚለዩ እባቦችም አሉ። ንቦች መጽሔት ቢያሳትሙ ኖሮ፣ «የማይታይ ብርሃን» በሚለው ዓምድ ሥር የሚጽፉት ስለ ቀይ ነበር።

እንግዲህ ድንበሩ የዓይን ፈጠራ ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት ያጓጓል። ነገር ግን ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ብርሃኑ በአንድ ምት የሚያቀብለው ጉልበት ይበረታል። ኢንፍራሬድ ሞለኪውሎችን ያንቀጠቅጣል፤ ቆዳ ይህን ሙቀት ብሎ ያውቀዋል። አልትራቫዮሌት በሞለኪውሎች ውስጥ አቶሞች የተያያዙበትን ማሰሪያ እስከ መበጠስ ይደርሳል፤ ዲኤንኤንም ይጎዳል። የሚታየው ብርሃን መካከል ላይ ነው። ዓይን ውስጥ ያለችውን ሬቲናል የምትባል ሞለኪውል ሳይሰብራት ቅርጿን ለመቀየር የሚበቃ ጉልበት አለው፤ ማየት የሚጀምረውም በዚያ ለውጥ ነው። ደግሞም 37 ዲግሪ የሞቀ አካል ራሱ ኢንፍራሬድ ይረጫል። ዓይን ያንን ማየት ቢችል ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የራሱን የውስጥ ግድግዳ ነበር። ስለዚህ ድንበሩን ያሰመረው ዓይን ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑም እጁ አለበት።

የሁለቱን የማይታዩ ጨረሮች ልዩነት የአዲስ አበባ ሰው በቆዳው ያውቀዋል። ከተማዋ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ የጥቅምት ፀሐይ ለስላሳ ትመስላለች፤ ማታ ላይ ግን ፊት ያቃጥላል። ቀን የተሰማው ሙቀት ነው፣ ቆዳውን የጎዳው ሌላው።

ክርስቲያኖች በጸሎተ ሃይማኖት እግዚአብሔር የሚታየውንም የማይታየውንም እንደፈጠረ ይመሰክራሉ፤ ሙስሊሞችም በገይብ፣ ማለትም ከዓይን በተሰወረው፣ ያምናሉ። ከዚህ ተነስቶ አንዳንዴ ስብከት ላይ የሚሰማ ክርክር አለ፦ ሳይንስ ራሱ የማይታይ ብርሃን ካገኘ፣ መላእክትን መካድ ምን አመጣው? ክርክሩ ይማርካል፣ ግን አያስኬድም። ኢንፍራሬድ ከዓይን ቢያመልጥም ከመሣሪያ አያመልጥም። የቴሌቪዥን ሪሞት ቁልፉ ተጭኖ በስልክ ካሜራ ቢታይ፣ ለዓይን ጨለማ የሆነችው ጫፉ በብዙ ስልኮች ላይ ስትብለጨለጭ ትታያለች። ሃይማኖት የማይታይ የሚለው እንዲህ ያለውን አይደለም። የንብ ዓይንና የእባብ ጉድጓድ ለተጨመረለት ሰው ኢንፍራሬዱም አልትራቫዮሌቱም ይገለጥለታል፤ መልአክ ግን በዚህ አይገለጥለትም። እምነትን በሪሞት ማስረዳት እምነቱን ያሳንሰዋል።

«ካላየሁ አላምንም» ባዩም ቢሆን ከ1800 ወዲህ አቋሙን ለመቀየር ተገዷል፤ አሁን የሚለው «ካልተለካ የለም» ነው። ይህኛው ጠንከር ያለ አቋም ነው፤ ሆኖም ያለው ነገር ሁሉ የሚለካ መሆኑን ራሱን ለክቶ የሚያረጋግጥ መሣሪያ አልተሠራም። እዚህ ላይ ክርክሩ ከፊዚክስ ክፍል ወጥቶ ወደ ፍልስፍና ክፍል ይገባል፤ በዚያ ክፍል ደግሞ ሰባኪውም ተጠራጣሪውም ማስረጃ የሚጠየቁት እኩል ነው።