ሕመም ሁሉ ጉዳት ነውን?

ሕመም የጉዳት መልእክተኛ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ፈላስፋው ሬኔ ዴካርት ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1664 በፈረንሳይኛ የታተመው ድርሳኑ፣ እግርን የነካ እሳት ገመዱ ተስቦ እንደሚጮኽ ደወል በአንጎል ውስጥ ስሜት እንደሚቀሰቅስ ያስረዳል። በዚህ አስተሳሰብ የታመመ አካል ሕመሙ እስኪለቅ ማረፍ አለበት።

የዘላዮች ጉልበት ግን ይህን አይቀበልም። የጉልበት ሎሚን ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት በመረብ ኳስና በቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ ደጋግሞ ይታመማል። ዕረፍት ሕመሙን ያበርደዋል፤ ሸክም የራቀው ጅማት ግን እየደከመ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ ሜዳ ሲገባም ሕመሙ ይመለሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ራሱ ሸክም ነው። ምን ዓይነት ሸክም?

አንደኛው ሳይንቀሳቀሱ መግፋት ነው። ታማሚው ማሽን ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በከፊል እንዳጠፈ፣ ከአቅሙ 70 በመቶ ያህሉን ተጠቅሞ ለ45 ሰከንድ ይገፋል፤ እያረፈ 5 ጊዜ ይደግመዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት የ6 መረብ ኳስ ተጫዋቾች ሕመም ወዲያው ቀንሶ ቢያንስ ለ45 ደቂቃ ቆይቷል። በኋላ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች ያን ያህል ውጤት ስላላገኙበት፣ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ ሊባል አይገባም።

ሁለተኛው ከባድ ክብደትን በዝግታ ማንሳትና ማውረድ ነው፤ አንዱ ድግግሞሽ 6 ሰከንድ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በዴንማርክ ይህ ዘዴ ከኮርቲሶን መርፌና በማውረድ ላይ ብቻ ከሚያተኩር ስፖርት ጋር ተነጻጽሮ ነበር። ከ12 ሳምንት በኋላ ሦስቱም ረድተዋል፤ በግማሽ ዓመት ግን የመርፌው ጥቅም ሲጠፋ የሁለቱ ስፖርቶች ጸንቷል።

ለመነሻው የፍልስፍና ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2021 በ76 ስፖርተኞች ላይ የወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። አንዱ ቡድን ሸክሙን የሚያወርደው ሆን ብሎ፣ ከ10 በሚለካ የሕመም ደረጃ 5ና ከዚያ በላይ እየታመመ ነበር፤ ሌላው ከ3 ሳያልፍ ሸክሙን ደረጃ በደረጃ ጨመረ። ከ24 ሳምንት በኋላ የተሻለው ሁለተኛው ነው። ሕመምን እንደ ክልከላ የሚፈራም፣ እንደ ጀግንነት ዋጋ የሚከፍልም ተሳስቷል ማለት ነው፤ ሥቃይ በራሱ አያድንም።

ስለዚህ ቀስ በቀስ የሚከብድ፣ በሚቻል ሕመም የሚሠራ ስፖርት ሊመረጥ ይገባዋል። መለኪያው ማግስቱ ነው፦ ጠዋት በታመመው እግር ብቻ ቆሞ ጉልበትን ሲያጥፉ ሕመሙ ከወትሮው ካልባሰ ሸክሙ ልክ ነው፤ ከባሰ ይቀነሳል።