የሥራ አለቃ ጠባይ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከሚሴን አልፎ ሐርቡ ሲደርስ፥ ከዚያም በኮምቦልቻ በኩል ዳገቱን ሲወጣ፥ መንገዱን ያመሰግን ይሆናል እንጂ ያሠራው አለቃ ምን ዐይነት ሰው እንደ ነበረ አይጠይቅም። ድንጋዩን የፈለጡት ብዙ እጆች ናቸው፤ ብዙዎቹን እጆች እንደ አንድ እጅ የሚያደርጋቸው ግን የአለቃቸው ጠባይ ነው። እንግዲህ የመሐንዲሶችና የሠራተኞች አለቃ የሚሆን ሰው ጠባዩ እንዴት ያለ ሊሆን ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ለመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን፥ በቢሮም ሆነ በትምህርት ቤት ሰው ለሚያዝ ሁሉ የሚገባ ነው።

አንዳንዶች ለአለቃ ዕውቀት ይበቃዋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከሠራተኛው ጋራ አቧራ ለብሶ የደከመ እንደ ሆነ ምንም አይጎድለውም ይላሉ። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ ለመመርመር የወሎ ምድር ራሱ ምስክር አለው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የነበሩትን የአውሮፓ ባለ እጆች ታላቅ መድፍ እንዲሠሩ ባዘዟቸው ጊዜ፥ ባለ እጆቹ ይህን ሥራ አናውቅም አሉ። ንጉሠ ነገሥቱም አገልጋዮቻቸውን አስረው ግድ አሏቸው። ከብዙ ድካም በኋላ ሴባስቶፖል የተባለው፥ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ በጅዳና በበሽሎ ገደሎች መንገድ እያስጠረጉ፥ መድፉን አስጎትተው በመጋቢት ወር መቅደላ ገቡ። በመንገዱም ሥራ ቆመው የሚያዝዙ ብቻ አልነበሩም፤ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ከዚህ የበለጠ ከሠራተኛ ጋራ መድከም ከየት ይመጣል?

ሆኖም ሠራዊታቸው በመክዳት ተመናምኖ ነበር። በዚያ ሁሉ ድካም ያበጁትም መንገድ እንግሊዞች ወደ ጅዳ ገደል ለመውረድ ጠቀማቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ የጋፋት ሥራ የሚቀጥለው አጣ፤ መድፉም እስከ ዛሬ በመቅደላ ተጋድሞ ይገኛል። የውድቀታቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ ለጥያቄያችን ግን አንዱ ይበቃናል። ድካሙን ከሠራተኛው ጋራ ተካፈሉ፤ ምክሩን ግን አልተካፈሉም።

ፍርሃት ክንድን ያሠራል፥ አንደበትን ግን ይዘጋል። በምሕንድስና ሥራ ደግሞ የተዘጋ አንደበት ክፉ አደጋ ነው። የድልድዩን ስንጥቅ አስቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ የሚያቦካው ሠራተኛ ነው፤ አለቃውን የሚፈራ ከሆነ ስንጥቁን በልስን ሸፍኖ ያልፋል። አለቃው ሁሉ ደኅና ነው ሲባል ደስ ይለዋል፤ ጎርፉ ግን ደስታውን አያከብርለትም።

እንዲህ ከሆነ ሠራተኛው አለቃውን ይንቃል፥ ሥራውም ይጓተታል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጥብቅነትና ማስፈራራት አንድ አይደሉም። ጥሩ አለቃ ጥብቅነቱ በልኩና በሚዛኑ ላይ ነው፤ ስሕተቱን የነገረውን ሰው ግን ያመሰግናል። ጠማማውን ግድግዳ ያስፈርሳል፥ ግንበኛውን ግን አያዋርድም።

የአለቃ መልካምነት የሚፈተነውም እርሱ በሌለበት ቀን ነው። ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውን የታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሥራ ሲመሩ ኖረው፥ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ሕይወታቸው አለፈ። ሕዝቡ አዘነ፤ ሥራውም መሰናክል አላጣውም። ነገር ግን ዕውቀቱ በብዙ ሰዎች እጅ ስለ ነበረ አልቆመም፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ስለዚህ ነገ አለቃ የምትሆን ተማሪ ሆይ፥ ዕውቀትን ፈልግ፥ ከሠራተኛህም ጋራ ድንጋዩን አንሣ። ከሁሉ ይልቅ ግን ከአንተ በታች ያለው ሰው ተሳስተሃል ለማለት የማይፈራህ አለቃ ሁን። ያን ጊዜ አንተ ብታልፍም ሥራህ ቆሞ ይኖራል።