እንደ ወንዙ መሻገር

«እንዳገሩ ይኖሩ፥ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ወደ ሰው አገር ለሚሄድ ሁሉ ስንቅ ነው። ነገር ግን ምሳሌው ተሻገሩ አለ እንጂ ወንዙን ሁኑ አላለም። እንግዲህ በሰው አገር የሚኖር ሰው ከልማዱ የትኛውን ይለውጥ፥ የትኛውንስ ይጠብቅ ዘንድ ይገባዋል?

ይህ ጥያቄ ለሐይቅና ለአምባሰል ሰዎች የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም፤ ከዚያ አገር ብዙ ሴቶች ልጆች ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄደዋልና። ከ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጀምሮ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፥ የወሎ ልጆችም በመካከላቸው ነበሩ።

በዚያ የምትኖር ልጅ ቡና አፍልታ ጎረቤት መጥራት ይቀርባታል፤ የቤቱ ደጅ ዝግ ነውና። ማዕድ ሲቀርብ «እንብላ» የምትለው ሰው አታገኝም። ሰዓቱንም ከንጋት ሳይሆን ከመንፈቀ ሌሊት መቍጠር ትለምዳለች። ከሁሉ ይልቅ ግን ድካም ዋጋ እንዳለው፥ ወሩም ሲደርስ ደመወዝን መጠየቅ ነውር እንዳይደለ ትማራለች።

ተመልሳ የላከችው ገንዘብ በምን ላይ እንደ ዋለ ወንድሟን የጠየቀች እንደሆነ፥ «የሰው አገር ይሉኝታዋን ወሰደባት» ትባላለች። እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበልም። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን የደካማውን አፍ ዘግቶ የብርቱውን እጅ የሚሸፍን የሆነ እንደሆነ፥ ስሙ ይሉኝታ ይባል እንጂ ሥራው ግፍ ነው። ደግሞም ደጅን በጎረቤት ላይ መዝጋት ለምዳ ብትመጣ፥ ይህን ልማድ ከወንዙ ማዶ ልትተወው ይገባት ነበር። ስለዚህ የልማድ መለኪያው «ከየት መጣ?» የሚል ሳይሆን፥ «ማንን ይጠቅማል፥ ማንንስ ይጎዳል?» የሚል ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የወሎ ሰው ልዩ ልማድን ማክበር በቤቱ ያውቀዋል። በክርስቲያኑ ሠርግ ለሙስሊሙ ጎረቤት በሙስሊም እጅ የታረደ ለብቻው ይሰናዳለታል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ልማድ ሲያከብር የራሱን አልጣለም።

ለጎረቤቱ ክብር ሁለት ድስት የሚጥድ ሰው፥ ከሩቅ ከተመለሰች ልጁ አንድ አዲስ ጥያቄ መስማት እንዴት ያቅተዋል? እርሷ ወንዙን ሁለት ጊዜ ተሻግራለች፤ በቤት የቀረነው እኛ አንድ ጊዜ ስንኳ ልንሻገርላት ይገባናል።