እሺ ባይና እምቢ ባይ

አንድ የጎንደር ሾፌር ነበር አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቱሪስት ጭኖ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ሲመላለስ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቀናው ነበር። በመተማ ገብተው አፍሪካን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጡ ፈረንጆች እንደ ቀንድ አውጣ ቤታቸውን ተሸክመው ያልፉ ነበር። አልጋው፣ ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ መኪናው ውስጥ ነው። መሸብኝ፣ ማደሪያ አጣሁ ብሎ ነገር የለም።

ዕድሜው ሃምሳን ሲሻገር ያረጀ ሚኒባስ ገዛ፤ ወንበሩን ነቅሎ አልጋ አስገባበት። መብራቱን እንዲዘረጋለት ደባርቅ ላለ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሽያን ሰጠው።

ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች ነበሩት። አንዱን ጉዞው ጎንደር ላይ ያበቃ መንገደኛ ሸጦለታል፤ ሌላውን ከመርካቶ በግማሽ ዋጋ አግኝቶታል። ሁለቱን አያይዝልኝ ቢለው ልጁ አልተስማማም። «ጋሼ፣ እነዚህ ከተለያየ ቤት የመጡ ናቸው። የማይተዋወቁ በሬዎች ባንድ ቀንበር ከተጠመዱ አንዱ ሌላውን ሲጎትት ነው የሚውሉት።» ስለዚህ የመንገደኛውን ባትሪ ለኢንቨርተሩ፣ የመርካቶውን ለማቀዝቀዣውና ለውሃ ፓምፑ መደበ። ጣሪያው ላይም ለየራሳቸው የሶላር ፓኔል አቆመላቸው።

ልጁ ሥራውን ያውቃል። ኢንቨርተሩ ሁለት ሙያ ያለው ዓይነት ነው፤ ሜዳ ላይ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ይለውጣል፣ ሎጅ ደርሶ ከግድግዳ ሲሰካ ደግሞ ራሱ ቻርጀር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ጉልበቱ 2000 ዋት ነው። ይኼ በ220 በኩል ዘጠኝ አምፔር ገደማ ቢሆን ነው፤ በ12 ቮልት በኩል ግን ከ160 አምፔር በላይ ይስባል። ቀጭን ሽቦ ይህን አይችለውም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል። ስለዚህ አውራ ጣት የሚያህል የመዳብ ኬብል አሳጥሮ ዘረጋ፤ ፊውዙንም ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳያርቅ አሰረ። ፊውዝ ኢንቨርተሩን የሚጠብቅ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ጥበቃው ለኬብሉ ነው፤ ራቅ ብሎ ከታሰረ ከባትሪው እስከ እሱ ድረስ ያለው ኬብል ጠባቂ የለውም። ቻርጀሩንም ከአሲድ ባትሪ ልክ አውጥቶ ወደ ሊቲየም ልክ መለሰው።

«እንጀራስ ይጋግርልኛል?» አለ ሾፌሩ።

«ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይፈልጋል ጋሼ። ለእንጀራው ጎረቤት ይፈልጉ።»

አንድ ነገር ብቻ ሳያስቡት ቀረ። አልጋው ቦታውን ሁሉ ስለያዘው ሁለቱን ባትሪዎች መኪናው ሆድ ሥር በብረት ሳጥን አሰሯቸው።

በታኅሣሥ ሾፌሩ ደባርቅ ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ቢሮ ስካውት ይዞ፣ ሳንቃ በርን አልፎ ጨነቅ ወጣ። ጨነቅ ከባሕር ወለል ከ3600 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ወር ቀኑ ፊት የሚያቃጥል ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ። ሾፌሩ አዲሱ ቤቱ ውስጥ መብራቱን አብርቶ፣ ስልኩን ሰክቶ፣ ሬዲዮኑን እያዳመጠ አመሸ። ማቀዝቀዣው እንኳ ይሠራል፤ በጨነቅ ሌሊት ማቀዝቀዣ ለምን እንደሚያስፈልግ እሱ ይወቀው።

ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጥቷል። ፀሐይዋ ከገደሉ ጫፍ ብቅ ስትል ወጥቶ የፓኔሎቹን መቆጣጠሪያዎች አየ። የመርካቶው ባትሪ ፀሐዩን እየጠጣ ነው። የመንገደኛው ባትሪ ግን ዜሮ። ሽቦውን ነካካ፣ ማብሪያውን አጠፋ፣ አበራ፤ ዜሮ።

«አያ፣ ይኼ ባትሪ አልቀበልም አለኝ!» አለ ለስካውቱ። «ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሲሰጠኝ አድሮ! ከሰጠ ለምን አይቀበልም?»

ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ በጋቢያቸው ተጀቡነው ተቀምጠዋል። ስለ ባትሪ የሚያውቁት የባትሪ ድንጋይ ሬዲዮን ውስጥ እንደሚገባ ነው። በአገጫቸው ወደ ገደሉ አፋፍ አመለከቱት። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ የሌላውን ጠጉር ይፈትሻል።

«ሣሩ ፊታቸው ነው ያለው» አሉ። «ሲነጩ አየህ?»

«አላየሁም።»

«ገና አልሞቃቸውማ።»

ሾፌሩ ሽማግሌው ወሬ የለወጡ መሰለው። ተናዶ ቁርሱን በላ። አራት ሰዓት ሲሆን፣ ማንም ሳይነካው፣ እምቢ ያለው ባትሪ ፀሐዩን መጠጣት ጀመረ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ሾፌሩ ስም አወጣላቸው፦ የመርካቶውን «እሺ ባይ»፣ የመንገደኛውን «እምቢ ባይ»። በጋውን ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ አንዱን አመሰገነ፣ ሌላውን ረገመ። ለማን ልሽጠው ብሎም አፈላለገ።

ፋሲካ ሲደርስ ማቀዝቀዣው እኩለ ሌሊት ሳይሞላ መጥፋት አመጣ። ሾፌሩ ጥፋቱን በማቀዝቀዣው ላይ አደረገ። ደባርቅ ወስዶ ሲያስመረምረው ልጁ ማቀዝቀዣውን ትቶ ባትሪውን ለካ። እሺ ባይ ከመያዝ አቅሙ ብዙውን አጥቷል። እምቢ ባይ እንደ ነበረ ነው።

«ጋሼ፣ ጨነቅ ጠዋት ጠዋት እምቢ ይል ነበር?» አለ ልጁ።

«አዎ፣ ያ የተረገመ!»

«ጥሩ አድርጓል።»

ያን ዕለት ልጁ ለራሱም እየተማረ አስረዳው። እንዲህ ያለው ሊቲየም ባትሪ እስከ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች መስጠት ይችላል፤ መቀበል ግን ከዜሮ በታች አይሆንለትም። ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ካርቦን ንብብር መሐል ይገባል። ሲቀዘቅዝ መግቢያው ቀርፋፋ ይሆናል፤ ከኋላ ያለው ኃይል ግፋ ግፋ ይላል። መግባት ያልቻለው ደጃፉ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል፣ ከተለጠፈውም ከፊሉ ተመልሶ አያገለግልም። ሲብስ እንደ መርፌ አድጎ ውስጡን ይወጋል። የመንገደኛው ባትሪ ሙቀት የሚለካ ጠባቂ ሰሌዳ ነበረው፤ ከዜሮ በታች ሲሆን የመቀበያ በሩን ይዘጋል፣ የመስጫውን ክፍት ይተዋል። የመርካቶው ጠባቂ ቮልት እንጂ ብርድ አያውቅም። የመጣውን ሁሉ እሺ አለ።

«ታዲያ ለምን ያኔ አልታየም?»

«ሊቲየም ፊቱ አይነበብም ጋሼ። የአሲድ ባትሪ ሲደክም ቮልቱ ይወርድና ያሳብቃል። ይኼ ሞልቶም ጎድሎም 13 ቮልት አካባቢ ነው።»

ሁለቱንም ከመኪናው ሆድ አውጥተው አልጋው ሥር፣ ሰው በሚተነፍስበት ቤት ውስጥ አስገቧቸው።

ምሳሌው ይኸው ነው። እኔን የሚያስታውሰኝ ለቅሶ ቤት ነው።

ሾፌሩን ያሳተው ባትሪውን አለማወቁ ብቻ አይመስለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ሲሰጥ አይቶታል፤ የሚሰጥ ነገር ደኅና ነው ብሎ አሰበ። እኛስ? ልጇን የቀበረች እናት ብድግ ብላ እንግዳ ታስቀምጣለች። እጣን ታጨሳለች፣ ቡና ትቀዳለች፣ «እናንተማ ምንም አልቀመሳችሁም» ትላለች። «እንዴት ያለች ጠንካራ ናት» ተባብለን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ምክር እናዘንብባታለን፦ ተይ እንግዲህ፣ ሌሎቹን አሳድጊ፣ ሰጪውም ነሺውም እግዜር ነው። ቃሉ ክፋት የለበትም፤ የጨነቅ ፀሐይም ክፋት አልነበረባትም። እሷም «እሺ» ትላለች። እምቢ ብትል፣ ፊቷን ብትከናነብ፣ «ልቧን አደነደነች» ብለን የምናማት እኛው ነን። እሺ ያለችውን ግን ስንቱ ሰው በፋሲካ ተመልሶ ያያታል?

በነሐሴ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ደርሶ የጭና ሰዎች ወገኖቻቸውን ቀብረዋል። እንዲህ ባለ ቀዬ አፈሩ ሳይደርቅ ስለ ይቅርታ ሥልጠና ልስጥ የሚል ቢመጣ፣ ስብሰባው ሞልቶ፣ ፊርማው ተፈርሞ፣ አበሉ ተከፍሎ ሊያልቅ ይችላል። መቆጣጠሪያው ላይ ፀሐዩ ሲጠጣ ይታያል።

እርግጥ ዝም ብሎ መጠበቅም ሁሌ አይበቃም። እንደ ሾፌሩ ብረት ሳጥን ፀሐይ የማያገኘው ቦታ የተቀመጠ፣ እስከ ቀትርም ላይሞቀው ይችላል። አሁን አሁን የሚሠሩ አንዳንድ ባትሪዎች ማሞቂያ አብሯቸው አለ፤ ጠዋት የሚመጣውን የመጀመሪያ ኃይል ለመሞላት አያውሉትም፣ ሰውነታቸውን ያሞቁበታል፤ መሞላቱ ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ አገር ሰው ይህን ሥርዓት ፋብሪካ ሳያስተምረው ያውቀዋል። ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት እንጀራና ወጡን በሰፌድ ይዞ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ዝም ይላል። ሰልስት ያልፋል፣ ሰው መምጣቱን አይተውም። ወሬው ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ላም መውለድ ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው ሥራ ፈትነት ይመስላል።

ከእነዚህ መካከል ሁልጊዜ አንዲት አሮጊት አሉ። ምክር የላቸውም። ሐዘንተኛዋ ቡና ልትቀዳ ስትነሣ ቀድመዋት ይነሣሉ፣ ጀበናውን ከእጇ ይቀበላሉ፣ ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጧትና የራሳቸውን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርጉላታል።