ውኃው እስኪንቀሳቀስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዐቢይ ጾም በጋምቤላ የሚውለው ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ባሮም ይጎድላል። ከደጋ ለሥራ የመጣ ሰው በዚህ ወቅት ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «ኧረ እዚህ እንዴት ይጾማል! ዝውውሬ ይምጣልኝ እንጂ አገሬ ስገባ አሳምሬ እጾማለሁ» ይላል። ሌላውም «ንስሐ አባቴ ያሉት አገር ቤት ነው፤ ስመለስ እነግራቸዋለሁ» ይላል። እዚያው ጋምቤላ ተወልዶ ያደገው ወጣትም የራሱ አለው። «አዲስ አበባ ልግባ እንጂ፣ ሜኔሶታ ያለው ወንድሜ ይውሰደኝ እንጂ፣ ያኔ ሰው እሆናለሁ» ይላል።

ዲግሪው እስኪያዝ፣ ቤቱ እስኪሠራ፣ ዕቁቡ እስኪወጣ፣ ልጆቹ እስኪያድጉ። ይህች «እስኪ» የምትባል ቃል ትንሽ ናት፤ ግን ዕድሜ ትበላለች። ነገሩ የጋምቤላ ብቻ አይደለም፤ በጎንደርም በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም ያለ ነው። በጋምቤላ ግን ጎልቶ ይታያል፤ ብዙ ሰው ሻንጣውን በር ሥር አድርጎ የሚኖርባት ከተማ ናትና። እስቲ በዚህ ጾም ይህችን ቃል በእግዚአብሔር ቃል ፊት እናቁማት።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ውኃ ያየ ሰው

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። በዚያ ዕለት ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው ታሪክ ይነበባል (ዮሐ. 5፥1-9)። አልጋው በመጠመቂያው ዳር ነበር። ውኃው ሲንቀሳቀስ ቀድሞ የገባ ይድናል። እርሱ ግን የሚያወርደው ሰው ስለሌለው ሌላው ይቀድመዋል። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠም፤ ውኃውን እያየ ኖረ።

አንድ ቀን ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ መጥቶ አልጋው አጠገብ ቆመ። ልትድን ትወዳለህን ብሎም ጠየቀው። ሰውዬው ምን መለሰ? ስለ ውኃው ነገረው! ሰው የለኝም፣ ሌላው ይቀድመኛል አለ። ወገኖቼ፣ ውኃውን የፈጠረው አምላክ በአጠገቡ ቆሟል፤ የእርሱ ዓይን ግን አሁንም ውኃው ላይ ነው። ጌታም ወደ ውኃው አላወረደውም። ባለበት፣ በአልጋው ላይ ሳለ ፈወሰው።

ውኃውን ተስፋ ማድረጉ ኃጢአት አልነበረም። ተስፋው ነው እዚያ ያቆየው። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ይህ ነው፤ የምንጠብቀው ነገር ሳይመጣ፣ የምንጠብቀውን የሚሰጠው ጌታ አጠገባችን ይቆማል። ዛሬ፣ በዚህ ሙቀት፣ በዚህች ኪራይ ቤት። ዓይናችን ዝውውሩ ላይ ብቻ ከሆነ ሲጠይቀን ስለ ዝውውሩ እንነግረዋለን።

መርከቡ በክረምት፣ ጭነቱ በበጋ

ጋምቤላ ስለ መጠበቅ የምታስተምረን የራሷ ታሪክ አላት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ፤ ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በእነዚያ ዓመታት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጡ ነበር። ሲመለሱም የጎሬንና የወለጋን ቡና ይጭናሉ።

ታዲያ መርከቡ እንደ ልብ አይመጣም። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ሲሞላ ነው። በበጋ መርከብ የለም። ቡናው ግን ከደጋ የሚወርደው መንገዱ በሚደርቅበት በበጋ ነበር፤ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቁልቁል እየወረደ መጋዘን ይገባል። በጋውን «መርከብ እስኪመጣ» ብሎ ተኝቶ የከረመ ነጋዴ መርከቡ ሲመጣ ምን ይጭናል? መርከቡ የሚመጣው በክረምት ነው፤ ጭነቱ የሚሰበሰበው ግን በበጋ ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ አሁን ያላችሁበት ዘመን ምናልባት በጋችሁ ነው። ወንዙ ጎድሏል፤ የለመናችሁት ነገር አልታየም። ትዕግሥት፣ ጸሎት፣ ታማኝነት፣ ሰውን መውደድ የሚሰበሰቡት ግን በዚህ ጊዜ ነው። ያሰባችሁት ሲሳካ ባዶ እጅ ሆናችሁ እንዳትገኙ።

ሁለት ዓመት ያለው ነቢይ

ቅዱስ መጽሐፍ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እሄዳለሁ» የሚለውን አነጋገር ያውቀዋል። ሕዝበ እግዚአብሔር ወደ ባቢሎን በተማረኩ ጊዜ ሐናንያ የሚባል ሐሰተኛ ነቢይ ተነሥቶ ሁሉም ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብሎ ሰበከ (ኤር. 28፥1-4)። ለጆሮ ደስ ይላል። ነቢዩ ኤርምያስ ግን በእግዚአብሔር ስም ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከ። ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። የመመለሻውንም ዘመን ነገራቸው፤ ሰባ ዓመት ነው (ኤር. 29፥4-11)። ያንኑ ደብዳቤ ሲቀጥል እግዚአብሔር ለእነርሱ የሚያስበው ተስፋና ፍጻሜ ያለው የሰላም አሳብ መሆኑን ገለጠላቸው። አያችሁ፤ የነገው ተስፋና የዛሬው ተክል በአንድ ደብዳቤ ተጻፉ።

ጋምቤላ ባቢሎን አይደለችም፤ የገዛ አገራችን ናት። ለባቢሎን እንኳ ጸልዩ ከተባለ ለጋምቤላማ እንዴት አብልጠን አንጸልይ! በከተማዋ በየግቢው ማንጎ አለ። ከፍሬው የበቀለ ማንጎ ፍሬ እስኪሰጥ አምስት ስድስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። «እኔ እንግዳ ነኝ፣ ለማን ብዬ ልትከል?» የሚለውም ሰው ማንጎውን ይበላል፤ ሌላ ሰው ተክሎለታልና። አንዳንዱ «ሁለት ዓመት» ብሎ መጥቶ አሥራ አምስት ዓመት ይኖራል። ያኔ ተክሎ ቢሆን ኖሮ ስንት ጊዜ ይለቅም ነበር! የነፍስም ተክል እንዲሁ ነው። ባለበት አጥቢያ ንስሐ አባት ይዞ ቢሆን ኖሮ ስንት ጊዜ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን በተቀበለ ነበር!

የተቀበረው መክሊት

ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል። አንድ መክሊት የተቀበለውን አገልጋይ አስቡት (ማቴ. 25፥14-30)። አልሰረቀም፣ አልጠጣበትም። ጌታው እስኪመጣ ድረስ ቀበረው፣ እንዳለም መለሰው። የተፈረደበት ግን ስለ መቅበሩ ነው። በጥቂቱ የታመኑት ሁለቱ በብዙ ላይ ተሾሙ።

መምህር ከሆንክ ዕውቀትህ መክሊትህ ነው። «ይህ ጊዜያዊ ነው» ብለህ በግማሽ ልብ ያስተማርከው ልጅ የሚማረው ዘንድሮ ነው፤ አንተ እስክትዛወር አይጠብቅህም። ነርስ ከሆንሽም በሽተኛው ዛሬ ነው የታመመው። ነጋዴ ከሆንክ ሚዛንህ ዛሬ ይመዘናል። በሥራችን ልብ አለመኖር ትንሽ ነገር መስሎን እንዳናልፈው፤ መክሊት መቅበር ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ነገን ማሰብ ይቅር?

«እንግዲያው አልማር? ቤት አልሥራ? ለእናቴ ገንዘብ አልላክ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስን ተመልከቱት። ለፊልጵስዩስ ሰዎች በእስራት ሆኖ ሲጽፍ፣ ባለው ነገር መርካትን እንደተማረ፣ መጥገብንም መራብንም እንደለመደ ይነግራቸዋል (ፊልጵ. 4፥11-12)። በዚያችው መልእክት ደግሞ ከፊቱ ወዳለው እየተዘረጋ እንደሚሮጥ ጽፏል (ፊልጵ. 3፥13-14)። የረካውም የሚሮጠውም አንድ ሰው ነው። እርካታ ማለት እግርን ማሰር አይደለም፤ የልብን ሰላም በግቡ ላይ አለመስቀል ነው። ዛሬ በትንሹ ማመስገን ያልቻለ ሰው ቤቱን ሲሠራ ፎቁን ይመኛል፤ ፎቁን ሲሠራም የጎረቤቱን ያያል።

ደግሞም ወገኖቼ፣ ሞት የዝውውር ደብዳቤ አይጠብቅም። ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ያሰበው ባለጠጋ ዕቅዱ አልከፋም ነበር፤ ግን በዚያች ሌሊት ነፍሱ ተጠየቀች (ሉቃ. 12፥16-21)። «ስመለስ ንስሐ እገባለሁ» ያለ ሰው መመለሱን በምን ያውቃል?

በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ባለንበት አጥቢያ ካህን እንቅረብ። ሙቀቱ የሚከብደው ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ከንስሐ አባት ጋር ይመካከር፤ እንደ አቅሙ ይወሰንለታል። ጤነኛው ግን ጾሙን ወደ ደጋ አያስተላልፈው።

ሁለተኛ፣ ማታ ስንተኛ የነገውን ከመለመናችን በፊት የዛሬውን ቆጥረን እናመስግን። የጠጣነው ውኃ፣ ያደርንበት ጣራ፣ ሰላም ብሎን ያለፈው ጎረቤት ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ ዕቅዳችንን እናቅድ፤ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የምንለው ግን ለአፍ ልማድ አይሁን (ያዕ. 4፥13-15)።

አራተኛ፣ ከእኛ አብልጦ የሚጠብቅን ሰው እናስብ። በጋምቤላ ክልል፣ በጀዊ፣ በኩሌ፣ በተርኪዲና በሌሎችም መጠለያዎች፣ ከ300,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አሉ። ብዙዎቹ በ2006 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የመጡ ናቸው። አገራቸው እስክትረጋ ይጠብቃሉ፤ እየጠበቁም ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይልካሉ። የጾማችን ቁርስ ለእንዲህ ያለው ሰውና ለደጃችን ድኃ ይድረስ። ከአኙዋኩም ከኑዌሩም ከደገኛውም ጋር በሰላም መኖር የዛሬ ሥራችን ነው፤ ለነገ አይቀጠርም።

ባሮ በጊዜው ይሞላል፤ ያሞላልም እግዚአብሔር ነው። እስከዚያው በዳሩ የተቀመጥን እኛ ውኃውን ብቻ እንዳናይ፣ አጠገባችን የቆመውን ጌታ እንይ። ልትድን ትወዳለህን ሲለን «አዎን ጌታዬ፣ ዛሬ» እንበለው።

የመፃጉዕን አልጋ ያነሣ አምላክ እኛንም ከምንጠብቅበት ያንሣን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።